የላይኛውን ክፍል ከማደሳችሁ በፊት አሮጌዎቹን የወለል እንጨቶች እንዴት እንደምታጠናክሩ

የላይኛውን ክፍል ልታድሱ ነው እንበል። ሴራሚኩ ተመርጧል፣ ቀለሙም ታስቧል፣ ምናልባት ሻወር ይገባበታል፣ ምናልባት ዕቃ ማጎሪያ የነበረው ጣሪያ ስር ያለ ቦታ መኝታ ቤት ሊሆን ነው። አሪፍ። ግን ከወለሉ ስር ተጋድመው ክብደቱን ሁሉ የተሸከሙት እንጨቶች፣ አግዳሚዎቹ፣ ባለሙያ ጆይስት ሚላቸው፣ ምን ላይ እንዳሉ ሳታዩ አንድ ካርቶን ሴራሚክ እንኳን እንዳትገዙ። ወለሉ ካለቀ በኋላ እንጨት ማጠናከር ማለት ወይ ያነጠፋችሁትን መልሶ መፈንቀል ነው ወይ ከታች ያለውን ኮርኒስ ማውረድ ነው፣ ሁለቱም ኪስም ልብም ያደርቃል።

ብዙ ሰው ሚያደርገው ምን መሰላችሁ፣ ወለሉ ሲረገጥ ሲንቀጠቀጥ ያያል፣ አዲስ እንጨት ያስመጣል፣ ከአሮጌው ጎን በሚስማር ይመታዋል፣ አለቀ። አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ ግን ምንም ለውጥ የለውም፣ ባስ ሲል ደሞ ብስባሽ እንጨት አዲስ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። ምክንያቱም "ወለሉ ደክሟል" ሲባል ሶስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ እንጨቱ በስብሷል ወይ ተበልቷል። ሌላው እንጨቱ ጤነኛ ነው ግን አሁን ልትጭኑበት ላሰባችሁት ነገር አቅሙ አይበቃም። ሶስተኛው ደሞ አቅም አለው፣ አይሰበርም፣ ግን በጣም ይለምጣል፣ ስለዚ ሲረገጥ ይነጥራል፣ ብርጭቆ ያንቀጫቅጫል፣ ሴራሚክ ያሰነጥቃል። የሶስቱ መፍትሄ አንድ አይደለም፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ መዶሻ ማንሳት ድካም ብቻ ነው።

መጀመሪያ፣ ይሄ ወለል በእርግጥ ወለል ነው ወይ?

ምታድሱት ቦታ ጣሪያ ስር ከሆነ ይሄን ጥያቄ አትዝለሉት። እዛ ያሉት አግዳሚዎች ብዙ ጊዜ የተቀመጡት ከስራቸው ያለውን ኮርኒስ እንዲይዙ እንጂ ሰው እንዲኖርባቸው አይደለም። ብዙ የግንባታ ደንቦች የመኖሪያ ክፍል ወለል ከራሱ ክብደት ውጪ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ እንዲችል ተደርጎ እንዲሰላ ነው ሚጠይቁት፣ ዕቃ ማይቀመጥበት ጣሪያ ስር ግን 50 ኪሎ አካባቢ ነው ሚታሰበው። ሶስት አራት እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚ እዛ ላይ ፕላይዉድ አንጥፎ አልጋ ማስገባት ከእድሳት አይቆጠርም፣ አዲስ ወለል መስራት እንደሆነ አስባችሁ ግቡበት።

ሌላው ደሞ የጣሪያው አሰራር ነው። እንጨቶቹ በሶስት ማዕዘን በሶስት ማዕዘን ተገጣጥመው መጋጠሚያቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ስስ ላሜራዎች ተጨፍልቀው ከገቡ፣ ያ በፋብሪካ ተገጣጥሞ የመጣ የጣሪያ ተሸካሚ ነው፣ ባለሙያ ትራስ (truss) ሚለው። አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ በራሳችሁ ጭንቅላት ምንም አትጨምሩበት፣ እያንዳንዱ እንጨት ለተወሰነ ኃይል ተሰልቶ ነው የገባው፣ ስትራክቸራል ኢንጂነር ሳያይ አይነካም። በእጅ የተሰራ ጣሪያም ቢሆን ከታች የተጋደመው እንጨት ሁለቱ የጣሪያ ክንፎች ግድግዳውን ወደ ውጪ እንዳይገፉት አስሮ ሚይዝ ሊሆን ይችላል። "ይሄ እኮ መንገድ ዘጋብኝ" ተብሎ ሚቆረጥ እንጨት አይደለም።

ከፍታችሁ እዩ

ወለሉን ከላይ መክፈት ከቻላችሁ ከላይ ክፈቱ። ከስር ኮርኒስ አውርዶ አንገት አንጋጦ መስራት ይቻላል፣ ግን ከላይ ሲሆን አቧራው አይን ውስጥ አይገባም፣ ረጅም እንጨት ማስገባትም በብዙ ይቀላል። ከመክፈታችሁ በፊት የዛን ክፍል መብራት ከብሬከሩ አጥፉ፣ ውሃ ካለም ዝጉ፣ ምክንያቱም አሮጌ ቤት ውስጥ ሽቦና ቧንቧ የት እንደሚሄድ ሚያውቅ ሰው የለም። ቤቱ በጣም የቆየ ከሆነ አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባ ሚጎዳ ጭረት) ያለበት ንጣፍ ወይ ሊድ (መርዛማው የእርሳስ ብረት) ያለበት ቀለም ሊኖር ይችላል፣ ከጠረጠራችሁ ሳታፈርሱ አስመርምሩ። ለተራው አቧራም ቢሆን ደህና ማስክ አድርጉ፣ የጨርቋ ብቻ አትበቃም። ጣውላውን ስታነሱ ደሞ አግዳሚው ላይ እየቆማችሁ እንጂ በመሃላቸው ባለው ኮርኒስ ላይ እንዳትረግጡ፣ ታች ያለው ክፍል ውስጥ ነው ምትገኙት።

ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ ሄዳችሁ ጫፎቹን እዩ። አግዳሚው ግድግዳ ውስጥ ሚገባበት ጫፍ፣ በተለይ በድንጋይ ወይ በጡብ የውጪ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ፣ ከግድግዳው እርጥበት እየጠጣ ስለሚኖር ቀድሞ ሚበሰብሰው እሱ ነው። መሃሉን አይታችሁ "ድንቅ እንጨት ነው" ብላችሁ ጫፉን ካላያችሁ ምንም አላያችሁም። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት የነበረበት፣ ጣሪያ ያፈሰሰበት፣ ቧንቧ ሚያልፍበት ቦታ።

ፍተሻው ውድ መሳሪያ አይፈልግም። ካቻቢቴ ይዛችሁ እንጨቱን ውጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም፣ ሲፈለቀቅም ረጅም ስንጥር ነው ሚወጣው፣ የበሰበሰው ግን ዘው ብሎ ይገባል፣ ወይ በኩብ በኩብ እየተሰባበረ ይፈረፈራል። በመዶሻ ኳ ኳ አድርጉት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ነው፣ የታፈነ ወይ ባዶ ሚመስል ድምፅ ጥሩ አይደለም። የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ከ20 ፐርሰንት በታች ያለ እንጨት አይበሰብስም፣ ከዛ በላይ ሲሄድ አደጋው ይጀምራል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ነቀዝ በልቶታል ማለት ነው፣ ግን ከቀዳዳው ስር አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ካለ ነው አሁንም እየበላ ያለው፣ ከሌለ ነቀዙ ድሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ምስጥ ደሞ የጭቃ መንገድ ይሰራል፣ እንጨቱ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

በዚሁ አጋጣሚ የድሮ ቧንቧና መብራት ሰራተኞች የሰሩትን ጉድ እዩ። ቧንቧ ለማሳለፍ ተብሎ አግዳሚው ግማሹ ድረስ የተቆረጠበት ወለል ብርቅ አይደለም። ልኩ እንዲህ ነው፦ ቀዳዳ ከእንጨቱ ቁመት (ከታችኛው ጠርዝ እስከ ላይኛው ጠርዝ ያለው) አንድ ሶስተኛ መብለጥ የለበትም፣ ከላይም ከታችም ጠርዝ ቢያንስ 5 ሳንቲ መራቅ አለበት። ከጠርዝ ሚጀምር ቁርጥ ከሆነ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ ነው ከፍተኛው፣ እሱም በርዝመቱ መሃለኛ ሲሶ ላይ ፈጽሞ አይደረግም፣ ምክንያቱም እንጨቱ በጣም ሚታጠፈው እዛ ነው። ድጋፉ ላይ ባለው ጫፍ እስከ አንድ አራተኛ ይፈቀዳል። ከዚህ ያለፈ ቁርጥ ካገኛችሁ ያንን አግዳሚ እንደተሰበረ ቁጠሩት።

ልኬትና ትንሽ ሂሳብ

ሶስት ቁጥር ያዙ፦ የእንጨቱ ውፍረትና ቁመት፣ በአግዳሚ መሃልና በአግዳሚ መሃል ያለው ርቀት፣ እና ስፓኑ፣ ማለትም ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለው ክፍት ርዝመት። ከዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥራችሁ መሃሉ ላይ ምን ያህል እንደወረደ ለኩ፣ ሁሉንም አግዳሚ አንድ በአንድ፣ ቁጥሩን በእርሳስ እዛው እንጨቱ ላይ ጻፉት።

አሁን ሂሳቡ። ማስመሪያ በጠፍጣፋው ስትጫኑት ይታጠፋል፣ በጠርዙ አቁማችሁ ስትጫኑት እምቢ ይላል፣ እንጨትም እንደዛው ነው፣ ጉልበቱ ቁመቱ ላይ ነው ያለው። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉት አለመለመጡ እጥፍ ይሆናል፣ ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን 8 እጥፍ ነው ሚሆነው። ባለ 15 ሳንቲ አግዳሚ ጎን ተመሳሳዩን 15 ብታጣምሩ መለመጡ በግማሽ ይቀንሳል። በዛው ውፍረት ባለ 20 ሳንቲ ብታጣምሩ ግን አዲሱ ብቻውን የአሮጌውን 2.4 እጥፍ ያህል ይጠነክራል፣ ሁለቱ አንድ ላይ 3.4 እጥፍ አካባቢ ይደርሳሉ። 5 ሳንቲ ቁመት ናት ይሄን ሁሉ ያመጣችው። ታች ያለው ኮርኒስ ከፈቀደ፣ ወይ ወለሉ ትንሽ ከፍ ቢል በርና ደረጃው ላይ ችግር ካላመጣ፣ ሁሌም ቁመት ምረጡ።

ስፓን ደሞ ከቁመትም ይብሳል። በእኩል የተዘረጋ ክብደት ስር መለመጡ ሚያድገው በርዝመቱ አራተኛ ፓወር ነው፣ 4 ሜትር የነበረው 5 ሜትር ሲሆን መለመጡ 2.4 እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው መሃሉ ላይ ድጋፍ ገብቶ ስፓኑ በግማሽ ቢቆረጥ መለመጡ ወደ አንድ አስራ ስድስተኛ ይወርዳል ከዛም በታች። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመለመጥ ልኩ ብዙ ቦታ ሚጠቀሰው ስፓን ሲካፈል ለ360 ነው፣ ለ4 ሜትር 11 ሚሊ ገደማ ማለት ነው። ሴራሚክ በዚህ ይኖራል፣ የተፈጥሮ ድንጋይ ግን ሲካፈል ለ720 ይፈልጋል፣ ከ6 ሚሊ በታች፣ ድንጋይ መታጠፍ አይወድም። በቀላሉ መሞከር ከፈለጋችሁ ወለሉ መሃል ቁሙና ተረከዛችሁን አንስታችሁ በአንዴ ጣሉት፣ አንድ ሰው ደሞ ከጎን ብርጭቆ ውሃ አስቀምጦ ይመልከት። ልኬት አይደለም፣ ግን ከስራ በፊትና በኋላ ስታደርጉት ልዩነቱን ታያላችሁ።

ምን ልትጭኑ እንደሆነ ደሞ በቁጥር አስቡት። 5 ሳንቲ ኮንክሪት ብታፈሱ በካሬ ሜትር 115 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ለ12 ካሬ ክፍል ወደ 1,400 ኪሎ ሰው ሳይገባ። 200 ሊትር ሚይዝ ገንዳ ሲሞላ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው፣ ገንዳውና ሰውየው አልተቆጠሩም፣ እሱም ሁሉ ክብደት ሁለት ሶስት አግዳሚ ላይ ነው ሚያርፈው። በአግዳሚው አቅጣጫ ሚሄድ አዲስ ግድግዳ ካለም ከስሩ ጥንድ አግዳሚ ይፈልጋል። የእንጨት ወለል በኮንክሪት ማስተካከል ሚወድ ሰራተኛ ካላችሁ፣ በጨዋ ደንብ እምቢ በሉት።

ኢንጂነር መች ይጠራ? ከአግዳሚዎቹ ሲሶው ያህል ከተበላሸ፣ ድጋፉ ግድግዳ ራሱ ከተሰነጠቀ፣ ገንዳ ወይ ከባድ ነገር ሚገባ ከሆነ፣ ጣሪያ ስር ወደ ክፍል ሚቀየር ከሆነ፣ ያኔ ጥሩት። የማዘጋጃ ፈቃድም ሚያስፈልግበት ስራ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

ከማጠናከር በፊት

ውሃውን አስቁሙ። ሚያፈሰው ጣሪያ፣ ሚንጠባጠበው ቧንቧ፣ እርጥበት ሚስበው ግድግዳ ሳይዘጋ አዲስ እንጨት ማስገባት ለሻጋታው ሁለተኛ ዙር ምግብ ማቅረብ ነው። ነቀዝ ወይ ምስጥ ካለ ህክምናው አሁን ነው፣ ሁሉ ነገር ክፍት እያለ።

ከዛ ድጋፍ። የተሰበረ ወይ ጫፉ የበሰበሰ አግዳሚ ላይ ምትሰሩ ከሆነ ከስር ጊዜያዊ ቋሚ አቁሙ፣ ከቋሚዎቹ ራስ ላይም ከእግራቸው ስርም ወፍራም ጣውላ አጋድሙ፣ ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ። ቋሚው እግር ያረፈበት ወለል ራሱ ሌላ የእንጨት ወለል ከሆነ እስከ መሬት ድረስ ቋሚ ላይ ቋሚ እያደረጋችሁ ውረዱ።

የረገበውን ወለል በክሪክ ወደ ላይ ማንሳት ብዙ ሰው ይወዳል። እኔ በግድ ካልሆነ አልመክርም። አሮጌ እንጨት ለዓመታት ክብደት ተሸክሞ ሲጎብጥ ቅርፁን ይዞ ይቀራል፣ በጉልበት ስታቀኑት ወይ ይሰነጠቃል ወይ ታች ያለውን ልስን ይሰነጥቀዋል ወይ በሮቹ አልዘጋ ይላሉ። ማንሳት ካለባችሁ ቀስ ብላችሁ፣ በሳምንት 3 ሚሊ አካባቢ፣ እያዳመጣችሁ፣ ሲንቋቋ እያቆማችሁ። በአንድ ቅዳሜ 4 ሳንቲ ማንሳት እብደት ነው። ደግነቱ ወለሉን ለማስተካከል ማንሳት ግዴታ አይደለም፣ አሮጌው እንደጎበጠ ይቀመጥ፣ አዲሱን ቀጥ ያለ እንጨት በጎኑ በትክክለኛው ከፍታ ታስሩታላችሁ፣ አዲሱ ወለል ሚያርፈው በአዲሱ ላይ ይሆናል። ሁለት ስራ በአንድ ጊዜ።

ማጣመሩ

እንጨት ስትመርጡ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ትልልቅ ጉጥ የሌለው፣ በተለይ ታችኛው ጠርዙ ላይ ጉጥ የሌለው ይሁን፣ ታችኛው ጠርዝ ነው ሚወጠረው፣ መሰንጠቅ ሚጀምረው ከዛ ነው። አሮጌ እንጨት ሙሉ ልክ ነበር፣ ያሁኑ ደሞ ተልጎ ስለሚሸጥ ስሙና ልኩ አይገናኝም፣ ስለዚ በስም ሳይሆን በሜትር ለክታችሁ ግዙ። ወደ ቤት አስገብታችሁ ጥቂት ቀን ክፍሉ ውስጥ ተጋድሞ አየሩን ይልመድ። እርጥብ እንጨት ከታሰረ በኋላ ደርቆ ሲኮማተር ይጣመማል፣ ብሎኑም ይላላል።

እያንዳንዱን እንጨት በጠርዙ አይታችሁ ወደ የት እንደጎበጠ እወቁ፣ ጉብታው ወደ ላይ ይሁን። ክብደት ሲመጣ ይተኛል። ተገልብጦ ከገባ ግን ክብደቱ ጉድለቱን ይጨምርበታል።

ርዝመቱ ላይ ስስት አታድርጉ። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ አዲሱ እንጨት እንደ አሮጌው ሁለቱም ጫፉ ድጋፍ ላይ ማረፍ አለበት። እንጨት ወይ ብረት ላይ ቢያንስ 4 ሳንቲ፣ ግንብ ላይ 8 ሳንቲ ገደማ። ሙሉ ርዝመት ማይገባበት ቦታ አለ፣ ያኔ ችግሩ መንጠር ብቻ ከሆነ የስፓኑን መሃለኛ ሁለት ሶስተኛ ሚሸፍን እንጨት ብዙ ይረዳል፣ ምክንያቱም መታጠፉ ትልቅ ሚሆነው መሃል ላይ ነው። አንድ ቦታ የተሰነጠቀ ከሆነ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ቢያንስ አንድ አንድ ሜትር ይለፍ። ጫፉ የበሰበሰ ከሆነ ግን በአጭር እንጨት አትሸውዱት፣ ብስባሹን ቆርጣችሁ ጤነኛው ድረስ ከዛም አልፋችሁ ጣሉት፣ አዲሱ ግድግዳው ላይ ይረፍ፣ ከጤነኛው አሮጌ ጋር ሚደራረብበትን ርዝመትና የብሎኑን ብዛት ኢንጂነር ይወስን፣ እዛ ጋር ያለው ኃይል ቀላል አይደለም። ግንብ ውስጥ ሚገባውን ጫፍ ከስሩ እርጥበት ማያስገባ ነገር አድርጉለት፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ አትድፈኑት፣ በጎንና በጫፍ ትንሽ አየር ይኑረው፣ አሮጌውን የገደለው ያው መደፈኑ ነው።

ረጅም እንጨት በሁለት ግድግዳ መሃል ማስገባት ራስ ያዞራል። ዘዴው በጠፍጣፋው አስተኝታችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ ጠልቆ እስኪገባ መግፋት፣ ከዛ ሌላኛውን ድጋፍ እስኪያገኝ መልሶ መሳብ፣ ከዛ በመዶሻ እየመታችሁ በጠርዙ ማቆም ነው። ከላይ ያለው ጣውላ ካልተነሳ ሲዞር ይነክሳል፣ ምክንያቱም 5 በ20 እንጨት ከጥግ እስከ ጥግ 20.6 ነው፣ ማትታየው 6 ሚሊ አለች። የላይኛውን ጥግ በመላጊያ ትንሽ አክብቡት፣ ያልፋል። ከስር ያለውን ጫፍ ግን ለማስገባት ብላችሁ በጥልቀት አትቁረጡ፣ ከቁርጡ ጥግ ተነስቶ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ከገባ በኋላ በጫፉና በድጋፉ መሃል ክፍተት ካለ ጠንካራ እንጨት ወይ የብረት ቁራጭ አስገቡበት፣ ሙሉ ስፋቱን ሚሞላ፣ ቀጭን ሽብልቅ አንድ ጥግ ላይ መወተፍ አይሆንም።

ማሰሪያው ላይ አስተያየት ብዙ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት የአሮጌውን ጎን ጥረጉ፣ የወጣ ሚስማር ካለ ንቀሉ፣ የግንባታ ኮላ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይፍሰስበት፣ ከዛ በሞርሳ አጥብቃችሁ አጣብቁት። ኮላው ዋና ጥቅሙ ሁለቱ እንጨቶች እንዳይፋተጉና እንዳይጮሁ ነው፣ ክብደቱን ኮላው ይችለዋል ብላችሁ ብሎን እንዳትቀንሱ። ብሎን ከሆነ 12 ሚሊ በየ40 ሳንቲው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ፣ ከጠርዝ ቢያንስ 5 ሳንቲ ርቆ፣ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ ይኑረው፣ ሮንዴላ ከሌለ ዳዶው እንጨቱን እየበላ ይገባል። ጫፎቹ አካባቢ ጠጋ ጠጋ ይበል። ብሎን ማያስገባ ቦታ ለስትራክቸር የተሰሩ ወፋፍራም ቪቴዎች ይሰራሉ። ጂብሰም ቦርድ ሚታሰርባት ጥቁሯ ቪቴ ግን በፍጹም፣ ደረቅ ናት፣ ኃይል ሲመጣባት ሳትታጠፍ ነው ምትበጠሰው። ሚስማር ከመረጣችሁ ወፍራም ባለ 9 ሳንቲ፣ ሶስት ሶስት በቁመት እየተደረደረ በየ30 እስከ 40 ሳንቲው። አሮጌ እንጨት ድንጋይ ሆኖ ስለሚደርቅ ሳትበሱት ሚስማር ብትመቱ ወይ ሚስማሩ ይጣመማል ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ ብሱት። በመድሃኒት የታከመ እንጨት ከተጠቀማችሁ ማሰሪያው ሁሉ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ይሁን፣ በመድሃኒቱ ውስጥ ያለው መዳብ ተራ ብረት ይበላል።

ሁሉንም አግዳሚ ማጣመር አለብን ወይ ላላችሁ፣ ሁሉንም ማጣመር ይሻላል፣ አንዱ ጠንክሮ ጎረቤቱ ሲለምጥ ሴራሚኩ በመሃላቸው ነው ሚሰነጠቀው። ብልሽቱ አንድ አግዳሚ ላይ ብቻ ከሆነና የቀሩት ልካቸውን ከጠበቁ ያው አንዱን ማከም ይበቃል።

ማጣመር ማይመች ከሆነ

ያ ስፓን ያልኳችሁ ነገር እዚህ ነው ሚመጣው። ከታች ያለው ክፍል ከፈቀደ መሃሉ ላይ አግዳሚዎቹን በመስቀለኛ ሚያቋርጥ ቢም፣ ማለትም አግዳሚዎቹን ከስር ሚሸከም ወፍራም ተሸካሚ፣ ማስገባት ከሁሉም በላይ ውጤት ያመጣል። ግን ቢሙ የሰበሰበውን ክብደት በሁለት ቋሚ ነው ሚያወርደው፣ ቋሚው ደሞ ሴራሚክ ላይ ወይ ቀጭን ኮንክሪት ላይ ማረፍ አይችልም፣ እስከ መሰረት ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ የራሱ መሰረት ይቆፈርለታል። ይሄ የኢንጂነር ስራ ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ቧንቧና ሽቦ በዝቶበት ሙሉ እንጨት ማይገባ ከሆነ 18 ሚሊ ፕላይዉድ በአግዳሚው ቁመት ልክ ቆርጦ በሁለቱም ጎን በኮላና በቪቴ ማልበስ አለ፣ መጋጠሚያዎቹ ግራና ቀኝ አንድ ቦታ እንዳይገናኙ እያዘበራረቃችሁ። የብረት ሳህን በሁለት እንጨት መሃል ሳንዱች አድርጎ በብሎን ማሰርም የቆየ መላ ነው፣ ቁመት መጨመር በማይቻልበት ቦታ እሱን ሚያህል የለም፣ ግን ከባድ ነው፣ ቀዳዳውንም ቀድሞ ማስበሳት ይፈልጋል።

በአግዳሚዎቹ መሃል ሚገቡት አጫጭር ማያያዣዎች ደሞ ሰው እንደ መድሃኒት ነው ሚያያቸው። ጥቅማቸው እንጨቱ እንዳይጠማዘዝና አንዱ ላይ የተረገጠው ክብደት ለጎረቤቶቹ እንዲከፋፈል ነው፣ ስለዚ መንጠሩን ይቀንሳሉ፣ ግን ጠቅላላ አቅም አይጨምሩም። ከአግዳሚው ቁመት ጋር እኩል የሆነ እንጨት፣ በየ2 ሜትር ገደማ አንድ ረድፍ፣ ጥብቅ ብሎ ሚገባ፣ ላላ ያለ ከሆነ ባይገባ ይሻላል፣ ሲጮህ ነው ሚኖረው። ቢም ጎን ላይ ለሚንጠለጠሉ አግዳሚዎች የላሜራ ማንጠልጠያ ስትጠቀሙ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ይሞላ፣ በተነገረለት ሚስማር። ግማሹን ቀዳዳ የተወ ሰው ግማሹን ጥንካሬ ነው የተወው።

ሳትዘጉ

ክፍት እያለ አዲስ ሽቦና ቧንቧ አሳልፉ፣ በቀዳዳው ልክ፣ ቀዳዳውም በሁለቱ የተጣመሩ እንጨቶች ውስጥ አንድ ላይ ይበሳ። ድምፅ ወደታች እንዳይወርድ መሃሉን በሚኒራል ዉል (ጥጥ መሳይ ድምፅ መከላከያ) ሙሉት። ሽቦ ከላይኛው ጠርዝ በ3 ሳንቲ ውስጥ ካለፈ የብረት ሳህን ምቱበት፣ ወለል ሲታሰር ቪቴ እንዳይወጋው። ከዛ እያንዳንዱን ክፍተት ሜትር ዘርግታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቧንቧው የት ነበር ስትባሉ ወለል አትነቅሉም።

ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግና ውሃ ልክ አግዳሚዎቹን አቋርጣችሁ አጋድሙና ከፍ ያለውን ላጉት፣ ዝቅ ያለውን በቀጭን እንጨት ሙሉት። በካርቶን ወይ በጋዜጣ ሚሞላ አይቻለሁ፣ በአንድ ክረምት ይጫጫንና መንቋቋት ይጀምራል።

ከላይ ሚነጠፈው ፕላይዉድ ቢያንስ 18 ሚሊ ይሁን፣ የፊቱ ክር አግዳሚዎቹን ሚያቋርጥ፣ መጋጠሚያዎቹ እንደ ጡብ የተዘበራረቁ፣ ከስሩ ኮላ ከላዩ ቪቴ፣ ጠርዝ ላይ በየ15 መሃል ላይ በየ30 ሳንቲ። በአንዱና በአንዱ መሃል 3 ሚሊ ክፍተት ተዉ፣ ከግድግዳው ደሞ 1 ሳንቲ ያህል፣ እርጥበት ሲመጣ እንጨት ያብጣል። ቪቴው አግዳሚውን ስቶ በባዶ ከወረደ ነቅላችሁ ሌላ ምቱ፣ ያ የሳተው ነው ሌሊት ሌሊት ሚጮኸው።

ኮላው ከደረቀ በኋላ ያን የተረከዝ ሙከራ ድገሙ፣ በዛው ቦታ፣ በዛው ብርጭቆ። አሁንም ውሃው ሚርገበገብ ከሆነ ሴራሚኩን ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ረድፍ ማያያዣ ጨምሩ ወይ ከስር የድጋፉን ነገር እንደገና እዩት፣ ከስር መግባት ካልቻላችሁ ደሞ እዛ ቦታ ላይ ያለችውን አንድ ፕላይዉድ አንስታችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ አንዳንዴ ሁለት ሶስት የላላ ዳዶ ነው ሚሆነው።